ላዩ የሚቆረጠም፣ ታቹ የሚለሰልስ፦ የፖም ክሪስፕ ለቁርስ

ክሪስፕ ከታች የተቆራረጠ ፍራፍሬ፣ ከላይ በቅባት የታሸ አጃና ዱቄት ተነስንሶበት ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ምግብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከእራት በኋላ ከአይስክሬም ጋር ይበላል። እንግሊዞች ክራምብል የሚሉት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ አጃ የለውም። የተለመደው አሠራር ከ150 እስከ 200 ግራም ስኳርና ከ100 ግራም በላይ ቅቤ ስለሚፈልግ ለጠዋት ይከብዳል። ስኳሩንና ቅባቱን ቀንሶ፣ አጃውን፣ ለውዙንና ፍራፍሬውን አብዝቶ ሲሠራ ግን ከእርጎ ጋር ደህና ቁርስ ይወጣዋል፤ እስከ ምሳም ሆድ ይይዛል።

ችግሩ ስኳርና ቅቤ ሥራቸው ማጣፈጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። የላዩን ፍርፋሪ የሚያያይዙት፣ የሚያደርቁትና እንዲቆረጠም የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። (ፍርፋሪ ስል ትርፍራፊ ማለቴ አይደለም፤ ለላዩ ክፍል ከዚህ የተሻለ ቃል ስላላገኘሁ ነው።) ግማሹን ዝም ብሎ የቀነሰ ሰው የሚያገኘው ከላይ ደረቅ ጥሬ አጃ፣ ከታች ውሃ ያቆረ ፖም ነው። ከዚያ «ጤናማ ነገር አይጣፍጥም» ይላል። ጥፋቱ የጤናማነቱ ሳይሆን የውሃው ነው። ከፍራፍሬው የሚወጣው ውሃ ታች ወፍሮ እንዲቀር፣ ከፍርፋሪው ደግሞ ተንኖ እንዲወጣ ማድረግ ከተቻለ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አሠራሮች አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ቦታ የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኦቨኑ 180 ቢልም የፖሙ ውስጥ ፖሙ ራሱ ካለው ውሃ መፍያ አይዘልም። ስለዚህ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሲያልቅ ታቹ ገና ጠንካራ ነው። መፍትሔው ሙቀት መጨመር አይደለም፤ እሱ ላዩን ያሳርራል። ፍራፍሬውን ብቻውን ተሸፍኖ አስቀድሞ ማብሰል፣ ፍርፋሪውን በኋላ መጨመር ነው። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ወደ 10 ደቂቃ ማሳጠር ትችላላችሁ፤ ዴንቨር ያላችሁ ግን ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ቁጠሩ፣ 1,600 ሜትር ቀላል አይደለም።

ለ6 ሰው የሚሆነው መጠን ይህ ነው። ለታቹ፣ ፍሬው ወጥቶ ከተቆረጠ በኋላ 900 ግራም የሚመዝን ፖም (6 መካከለኛ ፖም ገደማ)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ቁንጥር ጨው። ለላዩ፣ 150 ግራም ጠፍጣፋ አጃ፣ 50 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 50 ግራም ያልተቆላ ለውዝ ከካ ከካ የተደረገ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ የአንድ እንቁላል ነጩ ብቻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ሁሉ ልሙጥ ነው፤ የሾርባው 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻዩ 5 ሚሊ ሊትር። ሚዛን ከሌላችሁ 150 ግራም አጃ በ240 ሚሊ ሊትር ኩባያ አንድ ከሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በሻይ ብርጭቆ አትለኩ፣ ብርጭቆ ሁሉ አንድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለ6 ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 350 ካሎሪ፣ 7 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 7 ግራም ገደማ አሰር (ፋይበር) ይደርሳል። የተጨመረው ስኳር በሰው 8 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለ2,000 ካሎሪ ተመጋቢ ይህ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው። ማርም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። «ስኳር የለውም፣ በማር ነው የሠራሁት» የሚለው አባባል በዚህ ሚዛን አያስኬድም።

ወደ ፖሙ እንምጣ። የምንፈልገው ጎምዘዝ የሚልና ሲበስል ቅርጹን የሚይዝ ነው። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ለዚህ የታወቀ ነው። ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ የሚመጣው የአገራችን ፖምም ጠንከር ያለውና ጎምዘዝ የሚለው ከተመረጠ ከውጭ ከሚገባው የሚያንስበት ነገር የለም፤ ትናንሽ ስለሆነ በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ግዙት። ቀዩና አንጸባራቂው ሬድ ዴሊሸስ ለዓይን እንጂ ለኦቨን አልተፈጠረም፤ ጎምዛዛነት ስለሌለው ሲበስል ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል። ከሁለት ዓይነት ፖም ቀላቅሎ መሥራት ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ቅርጽ ይይዛል።

ልጣጩን አትጣሉት፣ ከአሰሩ ጥሩ ድርሻው እዚያ ነው። ከውጭ የሚገባው በሰም የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ለብ ባለ ውሃ በደንብ አሽታችሁ እጠቡት። ልጣጭ ያለበት ፖም አንድ አመል አለው፤ ሲበስል ልጣጩ ከሥጋው ተላቆ እንደ ክር ይጠቀለልና አፍ ውስጥ ያስቸግራል። ቁራጩን በቁመቱ ከቆረጣችሁ በኋላ እንደገና በወርዱ መሃል ለመሃል ብትከፍሉት ክሩ አጭር ስለሚሆን አይታወቅም። ውፍረቱ አዲስ አበባ ላይ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ ቆላ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከ5 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ይፈርስና የሕፃን ምግብ ይሆናል።

ሎሚውን አታብዙ። ፖሙ እንዳይጠቁር ይጠቅማል፣ ጣዕምም ይሰጣል፣ ግን አሲድ ፍራፍሬው ቶሎ እንዳይለሰልስም ያደርጋል። ደጋ ላይ በከፍታው ምክንያት ቀድሞውኑ ለሚዘገይ ፖም የአንድ ሙሉ ሎሚ ጭማቂ ማፍሰስ እንዳይበስል መፍረድ ነው። ጎምዘዝ ማለቱን የምትወዱ ከሆነ የቀረውን ከወጣ በኋላ ጭመቁበት።

የበቆሎ ስታርቹ ከፖሙ የሚወጣውን ጭማቂ ያወፍራል። እዚህም ከፍታው ይገባበታል፤ ይህ ስታርች ሙሉ በሙሉ የሚወፍረው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፣ ጭማቂውም ፈልቶ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። ስታርቹን መጀመሪያ ከስኳሩና ከቀረፋው ጋር በደረቁ ቀላቅሉት። በቀጥታ እርጥብ ፖም ላይ ከተበተነ ይጓጉልና በኋላ ነጭ ነጭ ኳስ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አጃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለቂንጬ የሚሆነው የተከካ አጃ ለዚህ አይሆንም፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ አይበስልም፣ ጥርስ ይሰብራል። ለአጥሚት የሚሆነው ዱቄትም አይሆንም። የሚፈለገው በእንፋሎት ለስልሶ የተዳመጠው፣ ጠፍጣፋውና ወፈር ያለው ነው፤ በቆርቆሮም በላስቲክም ይሸጣል። በ1 ደቂቃ የሚደርሰው ስስና ስብርብር ያለው ዓይነት ብቻ ካገኛችሁ አይጣልም፤ በደረቅ መጥበሻ በትንሽ እሳት እያገላበጣችሁ 5 ደቂቃ አምሱት፣ ሽታው ሲመጣ አውጡት። መታመሱ እርጥበት ቶሎ እንዳይመጥ ያደርገዋል። አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ1997 ጀምሮ በቀን 3 ግራሙ ከሌላ ጤናማ አመጋገብ ጋር የልብ ሕመም አደጋን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ እሽጉ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። አንድ ሰው ከዚህ ክሪስፕ የሚደርሰው 25 ግራም አጃ ነው፣ ቤታ ግሉካኑ ወደ 1 ግራም። ጥሩ ነው፣ መድኃኒት ግን አይደለም።

የስንዴ ዱቄት ፋንታ ጤፍ የመረጥኩት ስለሚጣፍጥ ነው። ቀይ ጤፍ በተለይ ከፖምና ከቀረፋ ጋር የቸኮሌት ዓይነት ጠረን ያመጣል። ግን ጥሬ የጤፍ ዱቄት በ25 ደቂቃ ውስጥ ጥሬነቱ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም፤ እንደ አጃው 4 ደቂቃ አምሱት። ከ50 ግራም በላይ ከሆነ አሸዋ አሸዋ ይላል። በሶ ካላችሁ ግማሹን በእሱ ተኩት፤ ገብሱ ቀድሞ የተቆላ ስለሆነ መታመስ አያስፈልገውም። ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ለማይስማማው ሰው ግን በሶው ይቅር፣ አጃውም ግሉተን የሌለበት ተብሎ የተጻፈበት ይሁን፤ አጃ ብዙ ጊዜ ማሳ ላይም ወፍጮ ላይም ከስንዴና ከገብስ ጋር ይነካካል።

ለውዝ ስትገዙ ያልተቆላውን ጠይቁ። የተቆላው እንደገና ግማሽ ሰዓት ኦቨን ውስጥ ሲቆይ ይመርራል። የተቆላ ብቻ ካለ ለመጨረሻዎቹ 8 ደቂቃዎች ከላይ በትኑት። ሰሊጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ቢጨመር ጥሩ ነው።

ቅባቱ የሱፍ ዘይት ወይም የገበታ ቅቤ ሊሆን ይችላል። ቅቤ ከሆነ 50 ግራም ያስፈልጋል፣ ከውስጡ 16 በመቶ ገደማው ውሃ ነውና። ቀዝቃዛውን በጣት እያሻችሁ ቀላቅሉት፣ ፍራፍሬው እስኪደርስም ፍሪጅ አስቀምጡት። ንጥር ቅቤ አይሆንም፤ ኮረሪማው ባይከፋም አብሽና ኮሰረት ከፖም ጋር አይስማሙም። የኑግ ዘይትም ጠረኑ ይጫነዋል።

ስኳሩን በተመለከተ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ያሉትን 3 ማንኪያዎች አትንኩ። ስኳር ኦቨን ውስጥ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፣ አጃውን ኮሽ የሚያሰኘው ይኸው ነው። በማር ስትተኩት የሚሆነው ሌላ ነው፤ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ፍርፋሪው ሲወጣ ቢደርቅም ከሰዓታት በኋላ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ያራል። ማር የምትወዱ ከሆነ ታች ፍራፍሬው ውስጥ በስኳሩ ፋንታ አድርጉት ወይም ስትበሉ ጠብ አድርጉበት። መቀነስ ካለበት የታቹ ስኳር ይቀነስ፤ ፖሙ ከጣፈጠ ጨርሶ ማስቀረት ይቻላል፣ 4 ወይም 5 የተከተፈ ቴምርም ይተካዋል። ቴምርና ዘቢብ ግን ሁልጊዜ ከፖሙ ሥር ይግቡ፤ ላይ ከቀሩ ይከስላሉ።

እንቁላል ነጩ የተቀነሰውን ስኳርና ቅቤ ሥራ በከፊል ይሸፍናል። አረፋ እስኪያወጣ በሹካ ተመቶ መጨረሻ ላይ ሲቀላቀል አጃውን ያያይዘዋል፣ ደርቆም ይቆረጠማል። በጾም ጊዜ 2 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ቅቅል ውሃ እንደዚያው ተመትቶ ይገባል። ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ የታመሰ የተልባ ዱቄት በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ 10 ደቂቃ ተነክሮ እስኪዝለገለግ ይጠበቃል። ተልባው ማያያዙ ላይ ጎበዝ ነው፣ ውሃው ግን ብዙ ስለሆነ 5 ደቂቃ ተጨማሪ መጋገር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው። ኦቨኑን 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አሙቁት፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 165። ብዙ የቤት ኦቨን መቆጣጠሪያው ላይ ከተጻፈው በላይም በታችም ይላል፤ ሁልጊዜ የሚያሳርርባችሁ ከሆነ የኦቨን ቴርሞሜትር ዋጋውን ያወጣል። ዕቃው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 የሆነ ፓይሬክስ ወይም ሸክላ ይሁን። አልሙኒየም ትሪ ቶሎ ይሞቃል፣ ግን ጎምዛዛ ፍራፍሬ ሲያድርበት ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያመጣል።

ፖሙን ከሎሚው ጋር አገላብጡት፣ ከዚያ የደረቀውን የስታርች፣ የስኳርና የቅመም ድብልቅ ነስንሱበትና ዕቃው ውስጥ አስተካክሉት። ፖሙ ቆየት ያለና ደረቅ ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። ሳታቆዩ በፎይል ሸፍናችሁ ወደ ኦቨን፤ ስኳር የነካው ፖም ውጭ ከቆየ ውሃውን ይለቃል። ደጋ ላይ 20 ደቂቃ። የቢላ ጫፍ ስትሰዱበት ሲገባ ትንሽ ከታገለ ደርሷል፤ ጭራሽ ካልታገለ አልፏል። ፎይሉን ስትገልጡ ከወዲያ በኩል ጀምሩ፣ እንፋሎቱ ፊት ይገርፋል። ተገልጦ ለ5 ደቂቃ ወደ ኦቨን ይመለስ፣ ላዩ ላይ የተኛው ውሃ ይተንናል። ይህችን 5 ደቂቃ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ፍርፋሪው ከሥሩ የሚርሰው ግን እሷ ስትዘለል ነው።

ፖሙ ኦቨን ውስጥ እያለ ፍርፋሪው ይሠራል። ደረቁ ሁሉ ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ይቀላቀል፣ ዘይቱ በላዩ ዞር ዞር ተብሎ ይፍሰስ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ሁለት ደቂቃ ይታሽ። ዓይናችሁን ጤፉ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሳህኑ ሥር ደብዘዝ ያለ ዱቄት ታያላችሁ፤ ቅባቱ ሲደርሰው ቀለሙ ይጠቁራል፣ ከአጃው ጋርም ይጣበቃል። ሳህኑ ሥር ያለው ደረቅ ዱቄት ሲያልቅ እንቁላል ነጩን ጨምሩና በሹካ አገላብጡ። አንድ ጭብጥ አንስታችሁ ጨምቁት፤ ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ሲነካ ሦስት አራት ቦታ የሚፈረካከስ ከሆነ ልክ ነው። እንደ አሸዋ ከተበተነ ግማሽ ማንኪያ ዘይት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አንድ ጭብጥ አጃ። ግማሹን እየጨበጣችሁ ሽምብራና ባቄላ የሚያካክል ጓል አድርጉት፣ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ጓሎቹ ውጫቸው ደርቆ ውስጣቸው ይለሰልሳል፣ የቀረው ይቆረጠማል።

ትኩሱ ፖም ላይ በእጅ በትኑት፣ አትጫኑት። ከዕቃው ጠርዝ ዙሪያውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ፣ እንፋሎቱ በዚያ ይውጣ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋገር፣ በ15ኛው ደቂቃ ዕቃውን አዙሩት፤ ኦቨን ሁሉ አንድ የሚያሳርርበት ጥግ አለው።

መድረሱን የምትለዩት በላዩ ቀለም ብቻ አይደለም፣ በጭማቂው አፈላልም ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትናንሽ፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈነዱ ነጣ ያሉ አረፋዎች ይታያሉ፤ ይህ ውሃ እየፈላ ነው፣ ስታርቹ ገና ነው። ቆይቶ አረፋው ይተልቃል፣ ይዘገያል፣ ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚለው ፕልቅ እያለ ያንጸባርቃል። ጠርዙ ብቻ ሳይሆን መሃሉም እንደዚያ ሲንተከተክ 5 ደቂቃ ቆጥራችሁ አውጡ። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይሉን ጣል አድርጉበት፣ ግን ጠርዙን አትጠቅልሉ።

ሲወጣ ፍርፋሪው ለስለስ ብሎ ስታገኙት አትደንግጡ፣ አትመልሱትም። እንደ ዳቦ ቆሎ ነው፣ የሚደርቀው ሲበርድ ነው። 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ታቹም በዚያ ጊዜ ይወፍራል። ትኩሱን የቆረሰ ሰው ውሃ ያገኛል፣ ከዚያ ስታርቹን ይወቅሳል። ሲያርፍ ደግሞ አትክደኑት። ትኩስ ክሪስፕ ላይ ክዳን መግጠም የግማሽ ሰዓት ሥራ በ5 ደቂቃ ገንፎ ማድረግ ነው።

መብራት ሲሄድስ? ፖሙ ብቻውን እያለ ከሆነ ምንም አልተበላሸም፣ ኦቨኑን ሳትከፍቱ ተዉት፣ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ፍርፋሪው ከገባ በኋላ ከሆነ እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልመጣ አውጡት፣ ፍርፋሪውን በማንኪያ ከላይ ግፈፉና በጋዝ ወይም በከሰል ላይ በመጥበሻ በትንሽ እሳት እያገላበጣችሁ አድርቁት። ኦቨን የሌለውም ሰው እንዲሁ ማድረግ ይችላል፦ ፖሙን ወፍራም ድስት ውስጥ ከጥቂት ውሃ ጋር ከድኖ ማብሰል፣ ፍርፋሪውን በመጥበሻ 10 ወይም 12 ደቂቃ ማመስ፣ ሲበሉ መጨመር። ጓሉ ያንሳል እንጂ ጣዕሙ ያው ነው። ኤር ፍራየር ላላችሁ፣ ፖሙን በድስት አብስላችሁ በትንሽ ዕቃ በ160 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፤ እዚህ ብቻ ፍርፋሪውን ጫን ጫን አድርጉት፣ አለዚያ ማራገቢያው አጃውን ይበትነዋል።

ፖም ሲወደድ ሌላ ፍራፍሬ ይሠራል፣ የውሃው መጠን ግን ይለያያል። ማንጎ በስሎ ገና ጠንከር ያለው ጥሩ ነው፤ አስቀድሞ ማብሰል አያስፈልገውም፣ ለታቹ ስኳር አይፈልግም፣ ሎሚው 2 ማንኪያ ይሁን፣ በቀረፋ ፋንታ ኮረሪማና የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ይስማማዋል። ክር የሚበዛበትን ማንጎ ለጭማቂ ተዉት። በክረምት የሚወጣው የአገራችን ኮክ ጎምዛዛ ስለሆነ ተስማሚ ነው፣ ውሃው ግን ብዙ ነው። እሱንም አናናስንም በ1 ማንኪያ ስኳር 30 ደቂቃ አቆዩ፣ የወጣውን ጭማቂ አጥልላችሁ በትንሽ ድስት ግማሹ እስኪቀር አፍሉትና መልሱበት፤ ስታርቹ ለኮክ 1 ተኩል፣ ለአናናስ 2 የሾርባ ማንኪያ ይሁን። እንጆሪ ብቻውን ሾርባ ይሆናል፣ ከፖም ጋር ሲሦውን ያህል ቀላቅሉት። ሙዝ ይበልጥ ይጣፍጣል እንጂ ጎምዛዛ ነገር ስለሌለው ብቻውን ይሰለቻል። ፓፓያን አልመክርም፤ ይላሽቃል፣ ጣዕሙም ይሸሻል።

ከአጠገቡ የሚቀርበው ያልጣፈጠ እርጎ ነው፣ ለሰው ግማሽ ኩባያ ያህል። የቤት እርጎ ከቀጠነ በንጹሕ ሻሽ አንድ ሰዓት አጥልሉት። በጾም 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በሞቀ ውሃ ቀጠን ተደርጎ ሲፈስበት እርጎውን ይተካል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከእርጎና ከለውዝ ጋር፣ ከ6 ድርሻ ከአንዱ ሳያልፍ ይብላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም የደሙን ስኳር በመለኪያው ይየው፤ የአንዱ ሰውነት ከሌላው ይለያል።

ማንም ጠዋት ተነስቶ ይህን ሁሉ አይሠራም። ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ ተሠርቶ፣ በደንብ በርዶ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ከገባ 4 ቀን ይቆያል። ማይክሮዌቭ ፍራፍሬውን ያሞቃል፣ ፍርፋሪውን ግን በእንፋሎት ያርሰዋል፤ በ175 ዲግሪ ኦቨን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይሻላል። ለሥራ ቀን የምመርጠው ግን ሁለቱን ለያይቶ ማስቀመጥ ነው። የፍርፋሪውን ሁለት እጥፍ ሠርታችሁ በሰፊ ትሪ ላይ ብቻውን በ160 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ ጋግሩት፤ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። የበሰለው ፖም ፍሪጅ ይቀመጣል። ጠዋት ፖሙን ማሞቅ፣ ፍርፋሪውን መበተን፣ እርጎ ማድረግ 3 ደቂቃ ነው፤ ለሱሁር ለሚነሳም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ያልተጋገረው ፍርፋሪም በላስቲክ ተቋጥሮ ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር ይቀመጣል፣ ሳይቀልጥ ፖሙ ላይ ይበተናል።

ሙሉውን በፓይሬክስ ካሳደራችሁት ግን ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አታስገቡት፣ ይሰነጠቃል። ኦቨኑ ሳይሞቅ አስገቡት፣ አብሮ ይሙቅ፣ ሰዓቱ ላይ 10 ደቂቃ ጨምሩ።